የአለምነህ ካሜራ

አለምነህ ለፒካፑ ካሜራ ሊገዛ ባሕር ዳር የሄደው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ወረታ ውስጥ መኪናው ላይ ካሜራ የሰቀለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሐሳቡን ያገኘው ከአንድ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነው። ሐሙሲት ላይ አብረው ምሳ ሲበሉ ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየው፤ አይሱዙ ከጎን መጥቶ ቦቴውን ሲገጨው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ትራፊኩ ይህን አይቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም» አለው ሾፌሩ። «ማን አጠፋ፣ ማን አላጠፋ ብሎ ክርክር የለም።»

አለምነህ ምግቡን ትቶ ቪዲዮውን አራት ጊዜ አስደግሞ አየው።

ለምን እንዲያ እንደጓጓ ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ሩዝ አድርሶ ባዶውን ከባሕር ዳር ሲመለስ፣ ከጉማራ ድልድይ ወዲህ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደሞዝ የሚባል ገበሬ ገጭቶ ገድሏል። ደሞዝ መንገድ ተሻግራ የሄደች ላሙን ሊመልስ የወጣ ሰው ነበር። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ጠራራ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ ያየ ሰው የለም። አለምነህ ለፖሊስም፣ ለዳኛውም፣ ለሽማግሌዎቹም የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ «ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ድንገት ገባብኝ።» ዳኛው አላመነውም። አስፋልቱ ላይ ፍሬን የተያዘበት ምልክት አልተገኘም ነበር። ደብረ ታቦር ስምንት ወር ታስሮ በአመክሮ ወጣ። በእርቁም ዕለት በቄስ ተክለ ሃይማኖት መስቀል ላይ እጁን ጭኖ ያንኑ ቃል ማለ። የሟች ሚስት ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችው፤ እሷ አመነችው።

ከተማው ግን አላመነም። አንዱ ጠጥቶ ነው አለ፤ አለምነህ ግን ጠላ እንኳ አይቀምስም። ሌላው ስልክ እያወራ ነው አለ። የሩዝ ነጋዴዎቹ ጭነት ሲሰጡት «እንግዲህ ቀስ እያልክ» ይሉታል። ሌላውን ሾፌር እንዲያ አይሉትም። በዚያች ቃል ስንት ቀን ምሳውን ሳይበላ ውሏል። ሚስቱ ወለላ ተወው፣ ይረሱታል እያለች ብታጽናናው፣ «ሳላጠፋ እንዴት እተወዋለሁ?» ይላታል።

ባሕር ዳር፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ፣ አምሳል የምትባል ልጅ እግር ሻጭ ሦስት ካሜራ ከመደርደሪያ አውርዳ ፊቱ ደረደረችለት።

«ይኼኛው ሁለት ዐይን አለው፣ ጋሼ። አንዱ መንገዱን ያያል፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሾፌሩን ነው የሚያየው። የድርጅት መኪናዎች ይህን ነው የሚወስዱት።»

«ራሴን ቀርጬ ምን አደርገዋለሁ? መኪናው የራሴ ነው። እኔ የምፈልገው የሚገባብኝን ሰው እንዲያይልኝ ነው።»

«እንግዲያው ይኼ አለ። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ማታም ጥርት አድርጎ ያሳያል።»

ዋጋውን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ከሁለት የክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነበር።

«ይኼ ርካሹ ነው» አለች አምሳል ሳትደብቅ። «ማታ ታርጋ አያነብልዎትም። ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆመም ይግልና ይጠፋል። ቀን ግን መንገዱን ደህና አድርጎ ያያል። ድምፅም ይቀርጻል።»

«የሞተሩን?»

«መኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ። ሬዲዮውንም፣ ወሬውንም።»

«ሲሞላስ?»

«ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀርጻል። ሦስት ሦስት ደቂቃ እየቆረጠ ነው የሚያስቀምጠው። ግጭት ሲደርስ ግን ያቺን ቁራጭ ይቆልፋታል፣ አትጠፋም። ብቻ ሜሞሪው ላይ አይቆጥቡ፤ አብሮት የመጣው በሳምንቱ ነው የሚበላሸው።»

ርካሹን ካሜራ ከደህና ሜሞሪ ጋር ገዛ። ሲመለስ መንገዱን ሁሉ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ ነዳ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰውመሆን ሱቁ ከደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ጎን ነው። ካሜራውን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ይቺ ናት አንተን ከትራፊክ የምታስጥልህ?»

«ሥራህን ሥራ» አለው አለምነህ።

መጀመሪያ ከስፖኪዮው ኋላ፣ የሾፌሩን ዐይን በማይጋርድበት ቦታ ሊለጥፉት ሞከሩ። የጎማ መምጠጫው ሁለቴ ተላቆ ወደቀ፤ መስታወቱ ከውስጥ በኩል የፎገራን ሜዳ አቧራ ለብሷል። ሰውመሆን በሳሙና አጥቦ፣ በጋዜጣ አድርቆ፣ እንደገና ሲጫነው ያዘ። ሽቦውን ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ አንጠልጥሎ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሊሰካው ነበር፤ አለምነህ እንቢ አለ። የሚወዛወዝ ነገር አልወድም፣ ደግሞ አንዱ ይነቅለዋል አለ። ስለዚህ ሰውመሆን ሽቦውን በጣሪያው ልባስ ጠርዝ በጣቱ እየወተፈ፣ በበሩ ጎማ ሥር አውርዶ፣ ከመሪው በታች ካለው የፊውዝ ሳጥን አደረሰው። መጀመሪያ ያገናኘበት ፊውዝ ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ ካሜራውን አላጠፋውም።

«ይኼ እስኪነጋ ባትሪህን ይጨርሰዋል» ብሎ በመሞከሪያ አምፖሉ ሌላ ፈልጎ አገኘ፤ ቁልፍ ሲዞር አብሮ የሚበራ፣ ሲነቀል አብሮ የሚጠፋ። ከዚያ የኮፈኑ ጫፍ በጥቂቱ እንዲታይ፣ አድማሱም ስክሪኑ መሃል ላይ እንዲውል አዘነበሉት። ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞሉት። ሰውመሆን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«በል እንግዲህ፣ ከእንግዲህ ማንም አይዋሽብህም» አለው።

አለምነህ ሂሳቡን ሳይከራከር ከፈለ።

ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ነበርና በሁለተኛው ቀን ኬላ ላይ የቆመ ወታደር ካሜራውን አይቶ «ምን ልትቀርጽ ነው?» አለው። አለምነህ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ስምንቱ ወር አንድም ሳያስቀር ነገረው። ወታደሩ ወጣት ነው፤ መጨረሻውን ሳይሰማ «እሺ፣ ኬላ ስትደርስ በጨርቅ ሸፍነው» ብሎ አሳለፈው። አለምነህ በዚህም ደስ አለው። ቢያንስ አንድ ሰው ቆሞ ሰምቶታል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወለላ ባሏን እንደዚያ ቀሎት አይታው አታውቅም። ሲነዳ ለካሜራው ያወራል። «ይኸው፣ ባጃጁን እየው፤ ምልክት ሳያሳይ ታጠፈ» ይላል። ቤት ሲገባም ማን እንዴት እንደቀደመው፣ የማን አህያ እንዴት መንገድ ላይ እንደተኛች ይቆጥርላታል። አንድ ሐሙስ ዕለት ተቆጥቶ ገባ።

«ዛሬ አንዲት ሴትዮ ከነሸክሟ ዘላ ገባችብኝ! ለጥቂት ነው የዳነችው። ሰዎች መንገድ መሆኑን ይረሱታል እኮ።»

«እንኳን አተረፋት» አለች ወለላ።

ወለላ አስተማሪ ናት፤ ከፍኖተ ሰላም ተመድባ መጥታ ወረታ የቀረች። በዚያው ሳምንት የተማሪ ውጤት ለመሥራት የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ይዛ ስለነበር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አለምነህ ሜሞሪውን ነቅሎ አመጣ። ሐሙሲት ላይ አንድ ባጃጅ እንዴት እንደቆረጠበት ሊያሳያት ነው። በሩ ተከፍቶ፣ የቀኑ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ወለላ በነጠላዋ ከልላ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፋይሎቹ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ስለሆኑ የባጃጁን ሲፈልግ የሐሙሱን ከፈተ።

«ይቺ ያቺ ሴትዮ ያለችበት ናት። ቆይ፣ እሷንም እይልኝ» አለ።

ስክሪኑ ላይ ያ ቀጥ ያለው መንገድ ወጣ። ግራና ቀኙ የታጨደ የሩዝ ማሳ፣ ራቅ ብሎ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የሽንኩርት መደብ። ሬዲዮው በዝቅታ ይዘፍናል። ከዘፈኑ በታች ሌላ ድምፅ አለ። መጀመሪያ ሞተሩ መስሏቸው ነበር። ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ይለቃል። መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ግራ አዘነበለች። ማንም መሪውን አልመለሰውም። መሃል መስመሩን አለፈች። ፊት ለፊት፣ በግራው ጠርዝ፣ ጭራሮ የተሸከመች ሴት ትመጣለች። ሴትዮዋ ቆመች፤ እጇን አነሳች፤ ከዚያ ከነሸክሟ ወደ ቦዩ ራሷን ወረወረች። መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ አልፋ ጠጠሩ ላይ ስትወጣ የመኪናዋ ሥር ተንኳኳ፤ ያ ትንፋሽም ተቋረጠ። መሪው በኃይል ተጠመዘዘ። ወዲያውም የአለምነህ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ እውነተኛ ቁጣ ተቆጥቶ እንዲህ ሲል ተሰማ፤

«ከየት መጣች ይቺ ደግሞ! ድንገት ዘላ ትገባለች እንዴ!»

አለምነህ እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ወለላ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰችው። ሁለተኛ አዩት። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት ቆጠረች፤ ትንፋሹ ከተሰማበት ጠጠሩ ላይ እስከወጣበት አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።

«ተኝተህ ነበር» አለችው።

«አልተኛሁም።»

«አለምነህ፣ አሥራ ስድስት ዓመት አጠገቤ የሰማሁት ድምፅ ነው።»

«ብተኛ አላውቅም ነበር እንዴ? ዘላ ስትገባ አይቻታለሁ እኮ! በዐይኔ አይቻታለሁ!»

ወለላ ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋችው። እሱ ራሱ ሌሎቹን መክፈት ጀመረ። የጧቶቹ ንጹሕ ናቸው። የከሰዓቶቹን አንድ በአንድ ሄደባቸው። በአንዱ ያ ትንፋሽ ለአራት ሰከንድ፣ በሌላው ለሰባት ተሰማ፤ በአንዱማ መንገዱ ባይቀና ኖሮ ጉማራ ወንዝ ይገባ ነበር። አንዱንም አያስታውሰውም። ሁሉም ነቅቼ ነዳሁ የሚላቸው ቀኖች ናቸው።

ላፕቶፑን ከደነው። ከዚያ «ደሞዝ» አለ።

«በሽታ ነው» አለች ወለላ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ። «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል ስልህ ትስቅብኝ ነበር። ሐኪም እናሳይ። ብታውቀው ኖሮ ትነዳ ነበር? አትነዳም።»

«በመስቀል ነው የማልኩት፣ ወለላ።»

«የመሰለህን ነው የማልከው።»

«እሱ ሞተ፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ አንተ ነህ ያጠፋኸው አልኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒካፗን አላስነሳም። በማግስቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለተረኛው ሁሉንም ነገረ። ተረኛው መዝገቡ የተዘጋ መሆኑን፣ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እንደማይቀጣ፣ የሟች ቤተሰብም መታረቁን ገለጸለት። «ባይሆን መንዳቱን ተው፤ ሂድ ታከም» አለው። አለምነህ እንዲያስሩት ፈልጎ እንደነበር የገባው ሲወጣ ነው።

ቄስ ተክለ ሃይማኖትን ከቅዳሴ በኋላ ጠብቆ አገኛቸው። አዛውንቱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አደመጡት።

«አባ፣ ለደሞዝ ሚስት ልነግራት ነው» አላቸው።

«ለእኔ ለንስሐ አባትህ ነግረሃል። ለፖሊስም ነግረሃል። ጾም እሰጥሃለሁ፣ ስግደት እሰጥሃለሁ። እሷን ግን ተዋት፣ ልጄ። ቁስሏ ገና መድረቁ ነው።»

«በሐሰት እኮ ነው የታረቀችኝ።»

«አውቃለሁ። ብትነግራት የሚቀልለው ለማን ነው? ለእሷ ነው ወይስ ለአንተ? እሱን አስበህ ሂድ።»

ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን ሄደ።

መኪና አልያዘም፤ ባጃጅም አልተሳፈረም። በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሄድ መኪና ባለፈ ቁጥር እየቆመ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ከይታይሽ መደብ ደረሰ። ሽንኩርት እየነቀለች ነበር፤ ብቻዋን። ስታየው ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«አለምነህ ነህ? ምነው በእግርህ? መኪናህ ተሰበረች?»

«የለም፣ እመት ይታይሽ። እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አረፍ በል እስቲ፤ ፀሐዩ መትቶሃል።»

በባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ አስቀመጠችው፤ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳችለት። አልጠጣውም። ካሜራውን፣ ሴትዮዋን፣ ትንፋሹን፣ አሥራ አንዱን ሰከንድ ነገራት። የሚናገረውን መንገድ ሁሉ ሲለማመደው ነበር የመጣው፤ ሲጀምር ግን የመጣለት ዝም ብሎ እንደ ሆነው ብቻ ነው። «አያ ደሞዝ አልገባብኝም» አላት በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የሄድኩበት። ተኝቼ ነው የሄድኩበት።»

ይታይሽ በእጇ የያዘችውን ሽንኩርት አፈሩን አራግፋ ከክምሩ ላይ አኖረችው። ሌላ አልነቀለችም።

«እኔ እኮ በእሱ ተናድጄ ነበር» አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «ታውቃለህ? በሬሳው ላይ ያለቀስኩት እየወቀስኩት ነው። ምነው ዐይንህን ብትገልጥ፣ ምነው ግራ ቀኝ ብታይ፣ እነዚህን ልጆች ለማን ጥለህ ነው ያለ ሐሳብ የወጣኸው እያልኩ። ሙሾ አውራጇም ከእኔ ተቀብላ ያንኑ አለች። አገር ሁሉ የሰማው ይህን ነው። ተዝካሩንም ያወጣሁት በቅሬታ ነው። ላሟንም ጠልቻት ሸጥኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞኝ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ አልልም…»

«ዝም በል።»

በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ፤ ሁለቱም እስኪርቅ ጠበቁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ዱላውን ከወደቀበት ራቅ ብሎ ነው ያገኘነው፤ ከመንገዱ ማዶ። ላሟን ሊመታበት ያነሳው መስሎኝ ነበር። አሁን ስትነግረኝ… ያቺ ሴትዮ እጇን አነሳች አልከኝ። እሱም አይቶህ ነበር? ዱላውን ያነሳው ለአንተ ነበር? ቁም ሊልህ?»

«አላውቅም።»

«ጮኾ እንደሆነስ?»

«አላውቅም፣ እመት ይታይሽ። ምንም የለኝም። የማስታውሰው መስታወቱ ላይ ሲመጣ ነው።»

«እንዴት አታውቅም? ከአንተ በቀር ማን ነበረ?»

ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። አለምነህ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ማልቀስ ፈልጎ አልሆነለትም። ስትመታው፣ ስትሰድበው፣ ሰው ስትጠራበት ሁሉ አስቦ ነበር የመጣው፤ ይህን ጥያቄ ግን አላሰበውም። መልሱን ለማግኘት ያለውን ሁሉ በሰጠ ነበር፤ መልሱ ግን የትም የለም።

ይታይሽ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ቄሱ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። አትንገራት ብለውኝ ነበር።»

«ልክ ናቸው» አለች። «በሞኝነቱ ሞተ ብዬ ልኖር እችል ነበር። አሁን በቁሙ እያየህ፣ እየጮኸልህ እንደሞተ ነው የማስበው። ሂድ አሁን። ከዚህ በኋላ በዚህ ማሳ አትምጣብኝ። ልጆቼ አይስሙ።»

ሩዝ ላጭድ፣ ልወቃ፣ የፈለጉትን ልሥራ ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ መደቡ ጫፍ ሄደች። እዚያም አጎንብሳ መንቀል ጀመረች። ውሃው በጣሳው እንዳለ ትቶት ተመለሰ።

ፒካፗን ለአንድ የአዲስ ዘመን ከተማ ነጋዴ ሸጣት። ለገዢው ካሜራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ከፀሐይ እንዴት እንደሚከለል አንድ በአንድ አስረዳው። ሜሞሪውን ግን ነቅሎ አስቀረው። ወለላ ሰብሮ እንዲጥለው ብትለምነው አልሰማትም፤ ላፕቶፑን ባመጣች ቁጥር ያንኑ ሦስት ደቂቃ ከፍቶ ያያል። ይህን ካየች በኋላ ላፕቶፕ ወደ ቤት ማምጣት ተወች። እሱም በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ መዛኝ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያ ሥራ ላይ ከሚዛኑ ጎን ቆሞ ነው የሚውለው፤ ወንበር ሲሰጡት አይቀመጥም።

በነሐሴ ወር ወለላ እየጎተተች ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ ሌሊት ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ቀን ሳያውቀው እንደሚያንቀላፋ፣ ይህም የብዙ ሰው ችግር እንደሆነ፣ ክብደትም መቀነስ እንደሚረዳ ነገረው። አለምነህ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ወለላ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

«ሰማህ? ጥፋት አይደለም። በሽታ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አላት።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆመው መጡ። ሐሙሲት ላይ ሁለት ወንበር ተለቀቀ፤ ወለላ ተቀምጣ ጎትታ አስቀመጠችው። ጉማራን ከተሻገሩ በኋላ ፎገራ ግራና ቀኙ ውሃ ነበር፤ ሩዙ ከውሃው በላይ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል። በየማሳው ሰው አጎንብሶ አረም ይነቅላል። አለምነህ ከመስኮቱ በኩል ይታይሽን አያት። እስከ ባቷ ውሃ ውስጥ ነበረች፣ ከመንገዱ ብዙም ሳትርቅ። የአውቶቡሱን ድምፅ ስትሰማ ቀና አለች፤ ማን እንዳለበት አላየችም። አረሙን እንደያዘች በውሃው ውስጥ ወደ ኋላ ጥቂት እርምጃ ራቀች፤ አውቶቡሱ እስኪያልፍም እዚያው ቆማ ጠበቀች።